ሳህኑ መቼ በረዶ ይሠራል? የሰፈር የውርጭ ግምት ውድድር አዘገጃጀት

አላስካ ውስጥ ኔናና በምትባል ትንሽ ከተማ ሰዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1917 ጀምሮ የታናና ወንዝ በረዶ የሚሰበርበትን ቀን፣ ሰዓትና ደቂቃ ለገንዘብ ሽልማት ሲገምቱ ኖረዋል። በበረዶው ላይ የእንጨት ማማ ያቆማሉ፣ ማማውን በገመድ ከሰዓት ጋር ያያይዙታል፤ በረዶው ማማውን ይዞ ሲሄድ ሰዓቱ ይቆማል። የእድር ጸሐፊ ነኝና የሽልማቱ ገንዘብ አላስቀናኝም። ያስቀናኝ ማንም የማይከራከረው ያ ሰዓት ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ በረዶ የሚሠራ ሐይቅ የለንም። ጥልቅ ውሃ ከላይ በረዶ ከመያዙ በፊት እስከ ታች ድረስ ወደ 4 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት፤ የእኛ የቀን ፀሐይ ለዚህ ጊዜ አትሰጥም። ስስ ውሃ ያለበት ሳህን ግን አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ስለዚህ ግምቱ የሳህን ይሁን፦ ከጥቅምት 1 ጀምሮ ውሃው መጀመሪያ በረዶ የሚሠራው በየትኛው ጠዋት ነው?

ከሁሉ በፊት ቦታውን ምረጡ፤ ጠቡ ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ነው። ሌሊት መሬት ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ደመና ካለ መልሶ ያለብሳታል፤ ነፋስ ካለ ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ያወርድላታል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱም ጸጥ ሲል ብርዱ ይበረታል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነም እየተንሸራተተ ረባዳው ላይ ይተኛል። ጉብታ ላይ ያለው ባቄላ ተርፎ ታች ያለው የሚመታው በዚህ ነው። ሳህኑን ረባዳ ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ዛፍና ከጣሪያ ጠርዝ ርቆ፣ ሰማይ በሙሉ በሚያየው ቦታ አስቀምጡት። ከሥሩ ደረቅ ጭድ አንጥፉ፤ አለዚያ መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ይመግበዋል። ቦታው ከግምቱ በፊት ይታወቅ፤ በየዓመቱም አይለወጥ።

ሳህኑ ሰፊና ዝርግ ይሁን፤ ውሃው አንድ ጣት ያህል ይጥለቅ፤ ሁልጊዜም ከአንድ ቧንቧ ይቀዳ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይሞላል። ክዳን አይደረግበትም፤ ክዳን እንደ ደመና ነው። ከብትና ውሻ እንዳይጠጣው ዙሪያውን ዝቅ ያለ የእሾህ አጥር ይበቃል። የሰው ነገር ግን ከከብት ይከፋል፤ ጨው የገባበት ውሃ በቀላሉ በረዶ አይሠራም፣ ይህንንም የሚያውቅ ጎረቤት አይጠፋም። ስለዚህ ከሚሞላው ሰው ጋር አንድ ምስክር ይቁም፣ ቀምሶም ያረጋግጥ።

«በረዶ ሠራ» የሚባለው መቼ ነው? ሣሩ ላይ የነጣው አመዳይ አይቆጠርም። የሳህኑ ጠርዝ ብቻ መያዙም አይቆጠርም። ሕጉ ይህ ይሁን፦ የአንድ ብር ሳንቲም መሐሉ ላይ በቀስታ ሲቀመጥ ካልሰመጠ በረዶ ሠርቷል። ሦስት ታዛቢዎች ፀሐይ ሳትወጣ ይገኙ፤ አንዱ የእድሩ ዳኛ፣ አንዱ መምህር፣ አንዱ ወጣት። ሦስቱም አይገምቱም። ዘግይተው ከመጡ በረዶው ቀልጦ ይጠብቃቸዋል። የበረዶውንም ውፍረት በተማሪ ማስመሪያ በሚሊሜትር ይለኩ፤ ሁለት ሰዎች አንድ ቀን ከገመቱ የሚለያቸው አስቀድመው የጻፉት የውፍረት ግምት ነው።

ምዝገባው ከመስቀል እስከ መስከረም 30 ይሁን። ስም፣ ቀንና ውፍረት በአንድ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም። ለሚገምት ሰው አንድ ምክር አለኝ፦ ስልካችሁ የሚነግራችሁን ዲግሪ አትመኑ። ያ ቁጥር ከመሬት ከፍ ብሎ ስላለው አየር ነው፤ እሱ 3 ዲግሪ ሲል ሣሩ አጠገብ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። ይልቅ ዝናቡ መቼ እንደወጣ፣ ማታ ነፋሱ ጋብ ማለቱን፣ አፈሩ ምን ያህል እንደደረቀ እዩ። ሙሉ ጨረቃ ብርድ ታመጣለች የሚሉ አሉ፤ እኔ እንደማየው ጨረቃዋን ያሳየን ጥርት ያለው ሰማይ ነው የሚያበርደው። ረባዳ ላይ መሬት ያለው ገበሬ ግን ከሁላችንም ይበልጣል፤ እሱን ቡና ጋብዛችሁ ጠይቁት።

መዋጮው አነስተኛ ይሁን፣ ሽልማቱም ጥሬ ገንዘብ አይሁን። ገንዘብ ከሆነ ቁማር ነው ይባላል፣ ቢባልም አልፈርድም። ከመንዝ የመጣ ባና ግሩም ሽልማት ነው፤ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን የሚያከብር ሰፈር ደግሞ ሥጋ ይግዛ። የቀረው መዋጮ ውርጭ ባቄላውን ወይም ምስሩን ለመታበት ጎረቤት የዘር መግዣ ይሁን። በዚህ ላይ ግትር ነኝ፦ እኛ የምንጫወትበት ጠዋት ለእሱ የኪሳራ ጠዋት ሊሆን ስለሚችል፣ አሸናፊው በዚያው ዕለት በእልልታ አይታወጅ። እሑድ በእድር ስብሰባ ላይ ይነገር።

«ዘንድሮ እስከ ገና አይሠራም» ብሎ መገመትም ይፈቀድ። እንዲህ ብለው የሚጽፉት ለበዓል የመጡ የአዲስ አበባ ዘመዶች ናቸው፤ መዋጯቸውን በደስታ ተቀበሉ።