የአሠልጣኙንና የጠበቃውን ሕይወት በአንድ ታሪክ እንዴት እንጽፋለን?

ሐዋሳ ውስጥ ከወጣቶች ጋር የሕይወት ታሪክ መጻፍ ስንለማመድ፣ ስለ አሜሪካዊው አሠልጣኝና ጠበቃ ዊሊያም ሄንሪ ልዊስ ያዘጋጀሁትን ረቂቅ ገና አንብቤ ሳልጨርስ አንድ ልጅ «ስንት ጎል አገባ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ስታዲየም ለለመደ የሐዋሳ ልጅ «እግር ኳስ» ብሎ ማለፍ ሌላ ጨዋታ መንገር ነው። ስለዚህ ከልደቱ ሳይሆን ከጨዋታው ይጀምሩ። ልዊስ የአሜሪካን እግር ኳስ የተጫወተው በመሃል ቦታ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ሞላላዋን ኳስ በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ይልክና ወዲያው ፊት ለፊቱ የቆመውን ተጋጣሚ ይገፋል።

ዓመተ ምሕረቱን ሲመልሱ ወሩን ይመልከቱ። በቨርጂኒያ ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች የተወለደው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1868 ስለሆነ 7 ተቀንሶ 1861 ዓ.ም. ይባላል፤ ያረፈበት ጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ግን 8 ተቀንሶለት ታኅሣሥ 23 ቀን 1941 ዓ.ም. ይሆናል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትልቁ ስሕተት «አሠልጣኝነቱን ትቶ ጠበቃ ሆነ» ብሎ ሕይወቱን ለሁለት መክፈል ነው። በ1892 እና በ1893 በአገር አቀፉ ምርጥ 11 ውስጥ የገባ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሲሆን የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ ነበር፤ በ1895 ከተመረቀም በኋላ ጥብቅናውንና የሃርቫርድን ቡድን ማሠልጠኑን ለዓመታት ጎን ለጎን ይዟቸዋል። ይህን በቅጽል ከማስረዳት በድርጊት ማሳየት ይሻላል። ጨዋታው ተጫዋቾችን እየገደለ በመጣበት በ1905 አካባቢ፣ ሁለቱ ቡድኖች ተፋጥጠው በሚሰለፉበት መስመር መካከል የኳሷን ርዝመት ያህል ክፍት ቦታ እንዲተው ሐሳብ ያቀረበው እርሱ ነው። መሬት ላይ የተቀመጠች አንዲት ኳስና በግራ ቀኟ የቆሙ ሁለት ሰዎችን ብቻ ይሳሉ፤ የሕግ ሰውነቱን አንባቢው ራሱ ያየዋል።

ሃርቫርድ በሚገኝበት በካምብሪጅ ከተማ ምክር ቤት ያገለገለባቸውን ዓመታት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይለፏቸው። ቦታውን ለ1911 ያቆዩት፦ ፕሬዚዳንት ታፍት የአገሪቱ ረዳት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አድርገው ሾሙት፣ በዚያው ዓመትም የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በአባልነት ተቀበለው። ጥቁር መሆኑ ሲታወቅ ግን ከማኅበሩ ሊያስወጡት ተነሡ፤ እርሱም በገዛ ፈቃዱ አልለቅም አለ።