ለየብቻ የሚሠሩ፣ አብረው ሲለቀቁ የሚሰበሩ ሞጁሎች፦ ችግርና መፍትሄ

ኮምቦልቻ ተሠርቶ ደሴ ባሉ ሱቆችና መጋዘኖች የሚጫን የሽያጭና የንብረት ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ የበርካታ ሞጁሎች (ለየብቻ የሚገነቡ የፕሮግራም ክፍሎች) ድምር ነው። የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር የሚያሰላው ሞጁል ከሥር ይሆናል፤ ዱቤና ንብረት እርሱን ይጠቀማሉ፤ ሪፖርት ደግሞ ሁለቱን ይጠቀማል። ቀጥሎ የቀረቡት ችግሮች በጃቫ ቋንቋ ተጽፎ በሜቨን (ኮዱን የሚገነባና የሚያስፈልጉትን ሞጁሎች የሚያወርድ መሣሪያ) በሚገነባ ፕሮጀክት ላይ የሚታዩ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የሚመነጩት እያንዳንዱን ሞጁል ከሌሎቹ ነጥሎ ከመልቀቅ ነው።

ምልክት፦ ፕሮግራሙ ያለ ስህተት ተገንብቶ፣ ለወራትም ሠርቶ፣ አንድ ቀን «ኖ ሰች ሜተድ ኤረር» (የተጠራው ሜተድ፣ ማለትም አንድ ሥራ የሚያከናውን የኮድ ክፍል፣ አልተገኘም) ብሎ ይቆማል።

መንስኤው አንዱ ሞጁል ተቀይሮ ሲለቀቅ በእርሱ ላይ የቆመው ሌላው ሞጁል እንደገና ሳይገነባ መቅረቱ ነው። የቀን መቁጠሪያው ሞጁል የአንድን ወር የቀናት ብዛት የሚመልስ ሜተድ አለው እንበል፤ ዓመቱን ኢንት በሚባለው የቁጥር ዓይነት ይቀበል የነበረው ሜተድ ሎንግ በሚባለው ሰፋ ያለ ዓይነት እንዲቀበል ተደረገ። የዱቤው ኮድ አንድም ፊደል ሳይነካ እንደገና ኮምፓይል ቢደረግ (ሊሠራ ወደሚችል ቅርጽ ቢተረጎም) ስለሚያልፍ፣ ለውጡ ማንንም የማይጎዳ ይመስላል። ቀድሞ የተገነባው የዱቤ ጃር ፋይል (የተገነባው ሞጁል የታሸገበት ፋይል) ግን የሚፈልገው ኢንት የሚቀበለውን ሜተድ ስለሆነ ያጣዋል። ፍለጋው የሚካሄደው ደግሞ ያ የኮድ መስመር ተራው ደርሶ ሲሠራ ነው። ስለዚህ ሜተዱ የሚጠራው ጳጉሜን ለሚሻገር ዱቤ ብቻ ከሆነ፣ ወሩ 5 ወይስ 6 ቀን መሆኑን ለማወቅ፣ በጥቅምት የገባው ስህተት ተደብቆ ከርሞ ነሐሴ ላይ ባለሱቁ ለመስከረም የተቀጠረ ዱቤ ሲመዘግብ ብቅ ይላል። ከዚህ ጽሑፍ ችግሮች ሁሉ አደገኛ የምለው ይህንን ነው፤ ለውጡን ያደረገው ባለሙያ ጉዳዩን በረሳበት ሰዓት ይመጣልና።

ለጊዜው የተለወጠውን ሞጁል የሚጠቀሙትን ሁሉ ከሥር ወደ ላይ በቅደም ተከተል እንደገና መገንባትና አንድ ላይ መጫን ይበቃል። ለዘለቄታው ግን የድሮው ሜተድ ሳይሰረዝ ጥሪውን ወደ አዲሱ እንዲያስተላልፍ ማድረግ፣ ጊዜው ማለፉን በኮዱ ውስጥ ማመልከት፣ ማስወገድ ሲያስፈልግም የቨርዥኑን የመጀመሪያ ቁጥር ከፍ ማድረግ ይገባል። ከ2.4.1 ወደ 3.0.0 የሚደረገው ሽግግር ለተጠቃሚው ሞጁል «ኮድህን መርምር» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው።

ምልክት፦ ሁለት ፕሮግራመሮች አንድ ዓይነት የቨርዥን ቁጥር ይዘው የተለያየ ውጤት ያገኛሉ።

አንድ ሰው 2.4.1ን ከለቀቀ በኋላ ትንሽ ስህተት አርሞ በዚያው ቁጥር መልሶ አውጥቶታል። ሜቨን አንድ ጊዜ ያወረደውን የተለቀቀ ቨርዥን በኮምፒውተሩ ላይ ስለሚያስቀምጥና ተቀይሮ እንደሆነ ተመልሶ ስለማይጠይቅ፣ ቀድሞ ያወረደው አሮጌውን፣ ዘግይቶ ያወረደው አዲሱን ይዞ ይቀራል። በኮምፒውተሩ የተቀመጠውን የዚያን ሞጁል ማህደር ሰርዞ እንደገና ማውረድ የዕለቱን ችግር ያቃልላል፤ እርማቱ ግን 2.4.2 ተብሎ መውጣት አለበት። ቁጥር አያልቅም፤ መቆጠብም አያስፈልግም። ሜቨን ሴንትራል የተባለው የሕዝብ ማከማቻ አንድ ጊዜ የወጣን ቨርዥን መለወጥ የማይፈቅደው ለዚሁ ነው፤ የቡድኑ ማከማቻ ሰርቨርም እንዲሁ እንዲከለክል ማዋቀር ይቻላል። «ስናፕሾት» የሚል ቅጥያ ያለው ቨርዥን በተቃራኒው ይዘቱ ሊለዋወጥ የተፈቀደ ስለሆነ፣ ለደንበኛ በሚለቀቅ ሥራ ውስጥ አንድም ስናፕሾት መገኘት የለበትም።

ምልክት፦ አዲሱ የቀን መቁጠሪያ ተለቅቆ ሳለ የተጫነው ፕሮግራም አሮጌውን ይጠቀማል።

ከቀን መቁጠሪያው ዱቤ 2.4.2ን፣ ንብረት 2.3.0ን ሲጠይቁ ሜቨን የሚመርጠው በጥገኝነት ዛፉ (የትኛው ሞጁል የትኛውን እንደሚጠቀም የሚያሳይ ዝርዝር) ላይ ለዋናው ፕሮጀክት የሚቀርበውን ነው፤ ርቀታቸው እኩል ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የተጻፈውን ይወስዳል። የትኛው አዲስ እንደሆነ አያመዛዝንም። መፍትሄው የጥገኝነት ዛፉን የሚያሳየውን ትእዛዝ አስኪዶ አሮጌው በማን በኩል እንደገባ ማየት፣ ከዚያም የሁሉንም ሞጁሎች ቨርዥን በአንድ የጋራ ፋይል ወስኖ ሌሎቹ ከዚያ እንዲወርሱ ማድረግ ነው።

ምልክት፦ ሜቨን ሞጁሎቹ በክብ እንደሚጠባበቁ ገልጾ ግንባታውን እምቢ ይላል። ዱቤ ንብረትን፣ ንብረትም ዱቤን ይጠራል ማለት ነው፤ ሁለቱ የሚጋሩትን ክፍል አውጥቶ ከሥር ራሱን የቻለ ሦስተኛ ሞጁል ማድረግ ያስፈልጋል።

ኢንተርኔት በሌለበት ሱቅ የሚጫን ከሆነ፣ የተለወጠውን ጃር ብቻ በፍላሽ ይዞ ወደ ደሴ መውጣት ከላይ የተጠቀሰውን የመጀመሪያ ችግር ይጋብዛል። የሚሄደው አብሮ የተፈተነው ሙሉ ስብስብ በአንድ የጋራ ቁጥር ነው፤ የድሮው ማህደር ባዶ ሳይደረግ አዲሱ በላዩ አይገለበጥም፤ አሮጌ ጃር ከአዲሱ ጎን ቀርቶ ሊጠራ ይችላልና። በዚያው ፍላሽ ላይ ያለፈው ስብስብ እንዳለ ይቀመጥ፤ ከመጫን በፊትም የባለሱቁ የመረጃ ቋት ቅጂ ይወሰድ፤ አዲሱ ስብስብ የሠንጠረዦቹን ቅርጽ ከለወጠ ፕሮግራሙን ብቻ ወደ ኋላ መመለስ ዋጋ አይኖረውም።