ኃያላን ሲፎካከሩ፦ በማደግ ላይ ያለ አገር ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ላይ ቡና ተፈልቶ ወሬው ወደ ዓለም ፖለቲካ ሲዞር፣ ክርክሩ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ይቆማል። አሜሪካ ይሻለናል ወይስ ቻይና? እኔ ጥያቄው ራሱ አይጥመኝም። መጠየቅ ያለበት ማን ይፈልገናል፣ ለምንስ ይፈልገናል የሚለው ነው። ባለፉት ዓመታት ድምፃቸው መሰማት የጀመረ አገሮች ሁሉ ይህን መልሰው ነው የተነሡት። ያልመለሱት ደግሞ ከታች ያሉትን ስህተቶች ሲደጋግሙ አይተናል።

አንድ ኃያል ላይ መጣበቅ

ይህን እኛ በደንብ እናውቀዋለን። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መሣሪያችን በአብዛኛው ከአሜሪካ ይመጣ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ደርግ አሜሪካኖቹን ከአስመራው የቃኘው ጣቢያ አስወጥቶ ወደ ሞስኮ ዞረ። ሶቭየት ኅብረትም የሶማሊያን ወዳጅነት ትታ ከእኛ ጋር ቆመች። የሶማሊያ ጦር ሲወረን መሣሪያዋና የኩባ ወታደሮች ደረሱልን። ጥቅሙ ትልቅ ነበር። ግን የተቀየረው ሰጪው ነው፣ ጥገኝነቱ እንዳለ ቀረ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የሶቭየቱ መሪ ጎርባቾቭ እጃቸውን ሲሰበስቡ ደርግ የሚያንኳኳው ሌላ በር አልነበረውም። የወደቀው በዚህ ብቻ ባይሆንም፣ ይህ አንዱ ምክንያት ነው።

ንግድም ላይ ያው ነው። የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ተስፋው ልብስ ሰፍቶ ወደ ውጭ መላክ ነበር። ግን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ የሚያስገባው አጎዋ የተባለው የአሜሪካ ሕግ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለኢትዮጵያ ተዘጋ። ዋሽንግተን ላይ የተወሰነው ውሳኔ በየፓርኩ ልብስ የሚሰፉ ልጆችን እንጀራ ነካ። ገዢ ሲበዛ እንዲህ ያለው ዱላ ይቀንሳል።

ሁለቱን በግልጽ ማጫረት

ይኼኛው የብልጠት መልክ ስላለው ያታልላል። ቱርክ አሜሪካ ያለችበት የጦር ኅብረት፣ የኔቶ አባል ሆና ሳለ ኤስ-400 የተባለውን የአየር መከላከያ ከሩሲያ ገዛች። በ2019 እ.ኤ.አ. መሣሪያው ሲገባ አሜሪካ ቱርክን ከኤፍ-35 የጦር አውሮፕላን ፕሮግራም አስወጣቻት፤ ክፍሎችን እያመረተች፣ ገንዘብም ከፍላ ሳለ። ትንሽ አገር እንዲህ ብታደርግ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆና ትቀር ነበር።

ቬትናምን እዩ። ባይደንን በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ተቀበለች፣ ሺ ጂንፒንግን በታኅሣሥ፣ ፑቲንን በቀጣዩ ዓመት ሰኔ። ሦስቱም ሃኖይ ድረስ ሄዱ። ቬትናም አንዱን በሌላው አላስፈራራችም። ወታደራዊ ቃል ኪዳን አልገባም፣ መሬቴን ለማንም የጦር ሠፈር አልሰጥም፣ ከአንዱ ወግኜ ሌላውን አልወጋም ትላለች። የምትለውን ደግሞ ታደርጋለች። ሦስቱም ከእሷ ምን እንደሚጠብቁ ያውቃሉ፤ ይህ መታመን ነው ዋጋ ያወጣላት።

ጥሬውን እየሸጡ መከበርን መጠበቅ

እዚህ ላይ ልቆይ፣ የጅማ ጉዳይ ነውና። ገበሬው ጀንፈሉን አድርቆ ይሸጣል፣ ሰብሳቢው ይሰበስባል፣ ላኪው ይልካል። አብዛኛው ቡናችን ሳይቆላ ነው ከአገር የሚወጣው። ዋጋውም የሚመዘነው ኒው ዮርክ ባለው ገበያ ነው። መቁላቱ፣ ማሸጉ፣ ትልቁም ትርፍ እዚያ ማዶ ነው።

ብዙ ሰው እንደ ኢንዶኔዥያ እናድርግ ይላል። ኢንዶኔዥያ በ2020 እ.ኤ.አ. ጥሬ የኒኬል ማዕድን ወደ ውጭ መላክ ከለከለች። የአውሮፓ ኅብረት በዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሳት፣ ተፈረደባት፣ ይግባኝ አለች፤ ክልከላውን ግን አላነሣችም። ማቅለጫዎቹም እዚያው አገሯ ላይ ተተከሉ። በእርግጥ ብዙዎቹ የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ ሌላ ጥገኝነት እንዳይሆን ያሰጋል። ለእኛ ግን ዋናው ልዩነት ሌላ ነው። ኢንዶኔዥያ በኒኬል ምርት ከዓለም አንደኛ ናት። እኛ ነገ ጥሬ ቡና አንሸጥም ብንል ገዢው ወደ ብራዚል ይሄዳል።

የእኛ ጉልበት ብዛታችን ላይ አይደለም፣ ጣዕማችንና ስማችን ላይ ነው። ይህ ደግሞ አንድ ጊዜ ተፈትኖ ሠርቷል። በ1997 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፣ ስታርባክስ ከተባለው የአሜሪካ የቡና ኩባንያም ጋር ክርክር ተነሣ። ኦክስፋም የተባለው የእርዳታ ድርጅት ለእኛ ቆሞ ዘመቻ አካሄደ። በ1999 ዓ.ም. ስታርባክስ በስሞቹ ላይ ስምምነት ፈረመ። ያለ ጦር፣ ያለ ማዕቀብ። እዚሁ ጅማ ዞን የሚበቅለው የሊሙ ቡና ይህን ያህል ጣዕም ይዞ ስሙ እንደ ይርጋጨፌ ያልገነነበት ነገር ያንገበግበኛል።

አሁን ደግሞ አውሮፓ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና አልገዛም የሚል ሕግ በ2023 እ.ኤ.አ. አውጥቷል። ተግባራዊነቱ ቢራዘምም ቡናው የበቀለበት ቦታ በካርታ ይጠየቃል። የጅማ ቡና አብዛኛው በጥላ ዛፍ ሥር ያድጋል፤ መረጃውን ራሳችን ከያዝነው ሕጉ መሸጫችን ይሆናል። ሌላው ከያዘው ግን መለመኛችን ነው።

ወንበርን እንደ አቅም መቁጠር

ኢትዮጵያ ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እነ ቻይና፣ ሩሲያና ብራዚል ያሉበት የብሪክስ ስብስብ አባል ናት። ጥሩ ነው። ግን ወንበሩ በራሱ ብድር አይከፍልም። ስብሰባው ላይ የሚደመጠው ተዘጋጅቶ፣ ሐሳቡን ጽፎ የመጣው ነው።

ጎረቤትን መዝለል

ዋሽንግተንና ቤይጂንግ ስንል የወጪ ገቢ ንግዳችን በአብዛኛው በጅቡቲ እንደሚያልፍ እንረሳለን። ጎረቤቱ ያልሰማውን አገር ሩቁ ኃያል አይሰማውም።

ሁሉን አንድ ሰው ላይ ማንጠልጠል

ጅማ አጠገብ ጅሬን ተራራ ላይ ያለው ቤተ መንግሥት የዚህ ስህተት ማስረጃ ነው። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870ዎቹ ዓ.ም. ለምኒልክ ለመገበር ሲወስኑ፣ እናታቸው ገኔ ጉሚቲ እንደመከሯቸው ይነገራል። ግብሩን ከፈሉ፣ በዘመቻም ረዱ። በምላሹ ጅማ የውስጥ አስተዳደሯን ጠበቀች፣ የሂርማታም ገበያ ደራ። ጎረቤቷ ካፋ ግን በ1880ዎቹ መጨረሻ ብዙ ደም ፈስሶባት ተያዘች። የአባ ጅፋር ጥበብ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ስምምነቱ የቆመው በእሳቸው ላይ ነበር። እሳቸው አርጅተው አቅም ሲያጡ፣ በ1920ዎቹ ያ ነፃነት አብሮ አበቃ።

እዚያው ጅማ በአንድ ሰው ሳይሆን በተቋም የቆመ ተቃራኒ ምሳሌ አለ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገር ውስጥ ሲገባ፣ የመልኮ የምርምር ማዕከል ሰዎች ጫካውን አስሰው በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች መረጡ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች ከዚያ ሥራ የወጡ ናቸው። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ ወደቀ፣ ኢሕአዴግም ሄደ። ገበሬው ግን ዛሬም ችግኙን በቁጥሩ ጠርቶ ይጠይቃል።