የአሮጌ ፍርድ ቤት ዶሴዎችን ወደ ቤተ መዛግብት ማስገባት፦ ከየት ይጀመራል?

አሮጌ ፍርድ ቤት የአካባቢ ታሪክ ሙዚየም ሊሆን ነው ሲባል የሁሉም ዓይን የሚያርፈው ችሎቱ ላይ ነው፦ ከፍ ያለው የዳኞች መቀመጫ፣ የተከሳሽ ሳጥን፣ የምስክር መቆሚያ። እነሱ የትም አይሄዱም። መዝገብ ቤቱ ግን በአንድ ቅዳሜ የጽዳት ዘመቻ ድምጥማጡ ሊጠፋ ይችላልና ሥራው ከዚያ ይጀምር።

አንድም ዶሴ ሳይነሳ ክፍሉን እንዳለ ፎቶ አንሡት። ለእያንዳንዱ መደርደሪያ ፊደል፣ ለእያንዳንዱ እርከን ቁጥር ስጡና ዶሴዎቹ ሲወጡ ይህ ምልክት በየጥቅሉ ላይ አብሮ ይሂድ። ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው፤ የግድያው ወዲህ፣ የመሬቱ ወዲያ እየተባለ በጉዳይ መለየት ይጀመራል። ፍርድ ቤት ግን መዝገብ የሚከፍተው በዓመትና በቁጥር ነው፤ የባለጉዳዮች ስም ማውጫውም የሚመራው ወደዚያው ቁጥር ነው። ተራው ከፈረሰ ማውጫው ፋይዳ አይኖረውም። ያለ ቦታው የገባ የሚመስል ዶሴም ይግባኝ ተብሎበት ከሌላ ጋር የታሰረ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱን ሳታውቁ አትፍቱት።

የኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ) ፖስታና ከረጢት ካጋጠማችሁ አትክፈቱ፣ አታራግፉም። ያልተተኮሰ ጥይት፣ መርዝ፣ አደንዛዥ ዕፅ ሊኖርበት ይችላል፤ ለይታችሁ ፖሊስ አስጠሩ። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ይሠራ የነበረው የናይትሬት ፊልም፣ የድሮ የፎቶ ፊልም ዓይነት፣ ደግሞ ሲበሰብስ ይጣበቃል፣ ኃይለኛ ሽታ ያወጣል፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል። ከወረቀቱ አርቁት፤ ባለሙያ ይየው።

ሻጋታ ያለበትን ዶሴ ለብቻው አግልሉ። ሠራተኛው ኤን95 ማስክና ጓንት ያድርግ። በረኪና አይነካውም። ብል ወይም ሌላ ተባይ የገባበት ወረቀት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አየር እንዳያስገባ ታሽጎ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆያል። ሲወጣም ፕላስቲኩ እስከ 24 ሰዓት አይከፈትም፤ ቶሎ ከተከፈተ ጤዛ ወረቀቱ ላይ ይወርዳል። የመስታወት ኔጋቲቭና የሰም ማኅተም ያለበት ሰነድ ግን ማቀዝቀዣ አይገባም።

ጽዳቱ አሰልቺ ነው፤ አይጣደፍም። በመጀመሪያ እያንዳንዱ ቅጠል በለስላሳ እርሳስ ማዕዘኑ ላይ ቁጥር ይጻፍበት፤ ክሩ የሚፈታው ከዚያ ወዲያ ነው። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ከመሐል ወደ ጠርዝ ጥረጉ። የዛገ የስቴፕለር ሽቦ በመንቀያ አይጎተትም፤ መንቀያው የዛገበትን ቦታ ይዞ ይወጣል። ወረቀቱን ገልብጡ፣ ከታጠፉት የሽቦው እግሮች ሥር ቀጭን የፕላስቲክ ቁራጭ አስገቡ፣ እግሮቹን አንድ በአንድ በቀጭን ቢላዋ ጀርባ አቃኑ፣ ከዚያ ወደ ፊት በኩል ገልብጣችሁ ሽቦውን ቀስ አድርጋችሁ አንሡት። አግራፍም ከዛገ እንዲሁ ነው፤ ተንሸራትቶ እንዲወጣ አትግፉት፣ ወረቀቱን ጠብቃችሁ ክፈቱት። ለዚህ ሥራ ከጥጥ ጓንት ይልቅ ታጥቦ የደረቀ እጅ ይሻላል፤ ጓንት የጣትን ስሜት ይነሳል፣ የተቀደደውን ጠርዝም ይይዛል። ለፎቶግራፍ ግን የናይትሪል ጓንት ግድ ነው።

የተቀደደውን በስኮች መለጠፍ ክልክል ይሁን። ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቡናማ ይሆናል፣ ፕላስቲኩ ይረግፋል፣ እድፉ ይቀራል። ፊደሉ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱን የበላ ጽሑፍ ካያችሁ ብረት ያለበት የድሮ የጽሕፈት ቀለም ሳይሆን አይቀርም፤ እርጥብ ነገር አታስነኩት፣ ውኃው ጉዳቱን ወደ ዙሪያው ያሰፋዋል።

ማከማቻው ምድር ቤትም ጣሪያ ሥርም አይሁን። አንድ ሜትር ሙሉ የተደረደረ ወረቀት 50 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን የላይኛውን ፎቅ የእንጨት ወለል መሐንዲስ ሳያይ አትጫኑበት። ቀለም የተቀባ የብረት መደርደሪያ ይመረጣል፤ የታችኛው እርከን ከወለል 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ጀርባውም ከውጭው ግድግዳ ይራቅ። አሲድ የሌለበት ካርቶን ከልክ በላይ አይታጨቅ፣ አይጉደልም፤ የጎደለ ካርቶን ውስጥ ዶሴው ይጎብጣል። ትልልቅ ጥራዞች ተጋድመው ይቀመጡ፣ ከሦስት በላይ አይደራረቡ። እርጥበቱ ከ60 በመቶ በታች ይሁን። ቀን ሞቆ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ክፍል ግን ትንሽ ሞቅ ብሎ ከማይለዋወጥ ክፍል የባሰ ነው።

ዝርዝሩ ላይ ስድስት ነገር አይጉደል፦ መለያ ኮድ፣ ርዕስ፣ ያመነጨው አካል፣ ዘመን፣ መጠንና የገለጻው ደረጃ (የተገለጸው ሙሉ ስብስቡ ነው ወይስ አንድ ዶሴ)። ዘመኑ የተከፈተበትና የተዘጋበት ዓመት ነው፤ ወንጀሉ የተፈጸመበት ቀን አይደለም።

ለዕይታ የሚወጣ ወረቀት ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) በላይ ብርሃን አይምታው፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ቅጂው ይተካው። የችሎቱ ትልልቅ መስኮቶች ያምራሉ፣ ለወረቀት ግን ጠላት ናቸው፤ ማሳያ ሣጥኑን ከትይዩአቸው አንሡት። ስለ ሕፃናት፣ ስለ ጉዲፈቻና ስለ ጾታዊ ጥቃት የሚያወሩ ዶሴዎች ሕጉ ከሚያዝዘው ጊዜ በፊት ለአንባቢ አይሰጡም፤ ስካን ሲደረጉም ፋይላቸው ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥ። የንባብ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ እርሳስ ብቻ ይፈቀድ፤ ለአንድ አንባቢም በአንድ ጊዜ ከአንድ ዶሴ በላይ አይቅረብ፣ ቅጠሎች የሚቀያየሩት ሁለት ተከፍተው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው።