ከጓደኛ ጋር ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲለማመዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጓደኛ ጋር መለማመድ ይጠቅማል፤ ችግሩ ጓደኛ ያዝንልዎታል፣ ይስቃል፣ የጀመሩትን ሐሳብም ራሱ ይጨርስልዎታል። ስለዚህ ለዚያች ሰዓት "አንተ" መባባሉን ትተው "እርስዎ" ይባባሉ። መጀመሪያ ያስቃል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ነገሩ የምር ይሆናል።

ጥያቄዎቹን ራስ ጽፎ መስጠት። የሚመጣውን ካወቁት ምኑን ተለማመዱት? የሥራ ማስታወቂያውንና ሲቪዎን ይስጡትና ጥያቄውን እሱ ያውጣ። ሥራ ያልነበረዎት ጊዜ ካለ ስለሱ ሳይጠይቅ እንዳያልፍዎት አደራ ይበሉት።

የመጀመሪያውን መልስ ተቀብሎ ማለፍ። ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። "ከሰው ጋር ተግባብቼ እሠራለሁ" ሲሉ ጓደኛዎ ራሱን ነቅንቆ ካለፈ ልምምድ የለም። ፈተናው ተከታዩ ጥያቄ ላይ ነው፦ "መቼ? ምን ገጥሟችሁ ነበር? ከዚያ ውስጥ እርስዎ የሠሩት የቱን ነው? በመጨረሻስ ምን ተገኘ?" ብዙ ሰው "ሠራን፣ አደረግን" እያለ ከቡድኑ ጀርባ ይሸሸጋል፤ ቀጣሪው ግን የሚቀጥረው ቡድኑን አይደለም። በእያንዳንዱ መልስ ላይ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ጠልቆ እንዲጠይቅዎት ይስማሙ። ያናድዳል፤ ይታገሡት።

"ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልበል" ማለት። ከተሳሳቱ እዚያው አርመው ይቀጥሉ። ጥያቄው ካልገባዎት እንዲደገም ይጠይቁ፤ ለማሰብ ጥቂት ሰከንድ ዝም ማለትም ነውር የለውም። ጓደኛዎም አስተያየቱን ማስታወሻ ይዞ ለመጨረሻ ያቆየው።

መልስ መሸምደድ። አንዲት ቃል ስትጠፋ የቀረው ሁሉ ተከትሏት ይጠፋል። ነጥቦቹን ብቻ ይያዙ። "ስለ ራስዎ ይንገሩን" ለሚለው ሁለት ደቂቃ ገደማ ይበቃል።

ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ከሆነ ልምምዱም በቪዲዮ ይሁን፤ ሲናገሩ ስክሪኑን ሳይሆን ካሜራውን ይመልከቱ።

"ጎበዝ፣ አሪፍ ነበር" ተባብሎ መለያየት። ይሄ ምርቃት እንጂ አስተያየት አይደለም። ይልቅ የትኛው መልስ እንደረዘመ፣ የቱ እንዳልገባው፣ የቱን እንዳላመነዎት ይጠይቁት። ሦስተኛውን ለመናገር ጓደኛ ይከብደዋል፤ ቢሆንም ሳይነግርዎት እንዳይሄድ።

የደመወዝን ጥያቄ መዝለል። በጓደኛ ፊት ስለ ገንዘብ ማውራት ስለሚያሳፍር ብዙዎች ይዘሉታል። "ስንት ይጠብቃሉ?" ይበልዎት፤ እርስዎም ቁጥሩን ከነምክንያቱ ይጥሩ። ከዚያ "በጀታችን ከዚህ ያነሰ ነው" ብሎ ዝም ይበል፤ የሚመልሱትን አሁኑኑ ይሞክሩት።