ለተጓዥ ኮሜዲያን ወላጆች፦ ተረቱን ሳትጨርሱት ሂዱ

ስታንድ አፕ የምትሠሩ ወላጆች ችግሩን ታውቁታላችሁ። መድረክ የሚሞቀው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው፤ ልጆች የሚተኙትም ያኔ ነው። 4 ሰዓት ላይ ስትወርዱ ደብረ ብርሃን ያለው ቤታችሁ በዚያ ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ ለጥ ብሏል። ቀን ልደውል ብትሉ መንገድ ላይ ናችሁ፤ የጣርማበር ዋሻና የደብረ ሲና ቁልቁለት ደግሞ ለስልክ ወሬ አይመቹም።

እንዲህ አድርጉ። ከመውጣታችሁ በፊት ተረት በድምፃችሁ ቅዱና ቤት በሚቀረው ስልክ ላይ በብሉቱዝ ጫኑት። ለየማታው አንድ ቁራጭ፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ግን አንዱንም እንዳትጨርሱት! ጅቡ በር ሲያንኳኳ ቁረጡትና "ከዚያስ ምን የሆነ ይመስልሃል?" በሉት። ልጁ መልሱን ቀድቶ በቴሌግራም ይልክላችኋል፣ እናንተም ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ እንቅልፍ ሲነሳችሁ ትሰሙታላችሁ።

ዘዴው የሚሠራው እናንተና ልጁ እኩል ሰዓት ላይ ነፃ መሆን ስለማይጠበቅባችሁ ነው። ደግሞ "ዛሬ እንዴት ዋልክ?" ሲሉት "ደህና" ብሎ ዝም የሚል ልጅ፣ ስለ ጅቡ ከጠየቃችሁት አፉ አይዘጋም። ሰውን አጓጉቶ ማቆም እንደሆነ ሙያችሁ ነው፣ ማን ያስተምራችኋል።

ልጅ ከታመመ ወይም ቀኑ ገና ወይም ፋሲካ ከሆነ ግን ይሄ አይበቃም፤ እንደምንም ብላችሁ ደውሉ። የላከላችሁን ቀልድም ሳታስፈቅዱት መድረክ ላይ አታውጡት፤ ልጅ ቂም ይይዛል።