ታራጎና ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ባርሴሎና የሚመጡ እንግዶቼን ታራጎናን ሳያዩ አልሸኝም። በተራ ባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም አትርቅም። ሮማውያን ታራኮ ይሏት ነበር፤ የሰፊ ግዛታቸው ዋና ከተማ ነበረች። በገና ወንጌል ስሙን የምንሰማው አውግስጦስ ቄሣር በስፔን ዘመቻው ጊዜ ታሞ የሰነበተው እዚህ ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ይህን ሁሉ ይዛ ሰው በማይረባ ስህተት ሳያያት ሲመለስ ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ ባቡሩ። ከማድሪድ የሚመጣው ፈጣን ባቡር የሚቆመው ካምፕ ዴ ታራጎና በሚባል ጣቢያ ነው። ስሙ አያታላችሁ፤ ጣቢያው ከከተማው ውጭ፣ እርሻ መሀል ነው። አንድ ወዳጄ ልጆቹንና ሻንጣውን ይዞ በምሽት እዚያ ወረደና «ባሕሩ የታለ?» ብሎ ደወለልኝ። ከዚያ ከተማ ለመግባት አውቶቡስ ወይም ታክሲ መያዝ ግድ ነው። ከባሕሩ ዳር የሚያወርዳችሁ ተራው ባቡር ነው፤ የዚያኛው ጣቢያ ስም ታራጎና ብቻ ነው። ትኬት ስትቆርጡ ለዩት።

ሰኞ አትሂዱ። ሙዚየሞቹና ቅርሶቹ አብዛኞቹ ዝግ ናቸው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ሰው አምፊቴአትሩ (የሮማውያኑ የትርኢት ሜዳ) ጋ ይደርሳል፣ ባሕሩን ከኋላ አድርጎ ፎቶ ይነሳል፣ በቃ፤ «አየነው» ብሎ ይሄዳል። ምኑን አያችሁት? እስቲ ቆም በሉና ሜዳው መሀል ያለውን የፈረሰ ግንብ ተመልከቱ። የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ነው። ግላዲያተሮች ሲጋደሉበት በነበረ ሜዳ ላይ ቤተ ክርስቲያን ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ እምብዛም አላጋጠመኝም። እ.ኤ.አ. በ259 የከተማዋ ጳጳስ ፍሩክቱኦሱስ ከሁለት ዲያቆናቱ ከአውጉሪዮስና ከኤውሎጊዮስ ጋር በዚህ ቦታ በእሳት ተቃጠለ። የሰማዕትነቱ ታሪክ እንደሚለው ዕለቱ ዓርብ ነበር። ወደ መገደያው ሲወስዱት ያዘኑለት ሰዎች የሚጠጣ ነገር በጽዋ አቀረቡለት። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበርና «ጾም የሚፈታበት ሰዓት ገና አልደረሰም» ብሎ መለሰላቸው። ረቡዕን በእስር ቤት ጾሞ ነበር ያሳለፈው። ረቡዕና ዓርብ ጾሞ ላደገ ሐበሻ ይህ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። በኋላ በ6ኛው መቶ ዘመን ለመታሰቢያው ባዚሊካ ተሠራ፤ በ12ኛው ደግሞ በዚያው ላይ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ታነጸ። ዛሬ የምታዩት የሁለቱን ቅሪት ነው። እባካችሁ፣ ለዚህ ቦታ ቢያንስ አንድ ሰዓት ስጡት። ከመሄዳችሁ በፊት ለጥገና አለመዘጋቱን ብቻ አጣሩ።

ሌላው ስህተት ቅርሱ ትኬት የሚቆረጥበት ቦታ ብቻ ያለ መምሰሉ ነው። ፕላሳ ዴ ላ ፎንት የሚባለው አደባባይ ላይ ተቀምጣችሁ ቡና ስትጠጡ፣ ያላችሁት ሠረገሎች ይሽቀዳደሙበት የነበረው ሜዳ ላይ ነው። በአካባቢው ካሉት ሱቆችና ምግብ ቤቶች አንዳንዶቹ የድሮው ተመልካች ይቀመጥበት የነበረውን ግንብ ቅስቶች ጓዳ አድርገዋቸዋል። ሲፈቀድላችሁ ገብታችሁ ጣሪያውን እዩ። በላይኛው ከተማ በቀጫጭን መንገዶች ስትሄዱም የቤቶቹን ግድግዳ ልብ በሉ፤ የላቲን ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ እንደ ማንኛውም ድንጋይ ተገንብቶበት ታገኛላችሁ።

የሮማውያኑን የውሃ መውረጃ ድልድይ «ሩቅ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ከመሀል ከተማ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርዝመቱ 217 ሜትር፣ ከፍታው 27 ሜትር። ውሃው ይፈስበት በነበረው ቦይ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር በእግር ማቋረጥ ይቻላል። በነሐሴ እኩለ ቀን ግን አትሞክሩት።

የከተማዋ ጠባቂ የጳውሎስ ደቀ መዝሙር የነበረችው ቅድስት ቴክላ ናት። ጳውሎስም በሮሜ መልእክቱ ወደ እስጳንያ (ስፔን) ሊሄድ ማሰቡን ጽፏል፤ የከተማዋ ትውፊት እዚህ ሰብኳል ይላል። የቴክላ በዓል እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ስለሚውል በዚያ ሰሞን ሳይያዝለት የሚመጣ ሰው ማደሪያ ማግኘቱ አጠራጣሪ ነው። በበዓሉ ሰው በሰው ትከሻ ላይ ቆሞ የሚገነባውን የሰው ግንብ ታያላችሁ። ጫፍ ላይ የወጣችው ልጅ እጇን ስታነሳ አጨብጭባችሁ ዘወር አትበሉ። ግንቡ ሙሉ የሚባለው ሁሉም በሰላም ሲወርድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰውም ሲወርዱ ነው።

ምግብን በተመለከተ፣ ምሳ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል፣ እራት ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት አትጠብቁ። ጾመኞችም አትስጉ። በዐቢይ ጾም ሰሞን ካልሶት የሚባለው ረጅም ሽንኩርት ይደርሳል። በእሳት ነበልባል እስኪጠቁር ይጠበሳል፤ የከሰለውን ልባስ በእጅ ስባችሁ ታወልቁና ነጩን በስጎ እየነከራችሁ ትበላላችሁ። ስጎው ከአልሞንድ፣ ከሃዝልነት፣ ከቲማቲም፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከደረቅ ቃሪያና ከወይራ ዘይት ይሠራል። አልሞንድና ሃዝልነት ስላለበት አለርጂ ያለበት ሰው አይቅመሰው። ነጭ ሸሚዝ ለብሳችሁም አትቅረቡት።